አባባ ብይ ሊጫወቱ ወረዱ

አዛውንቱ ጣሳውን ለልጆቹ የሰጡት በክፋት አልነበረም። ማየት አቅቷቸው ነው።

ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመች፤ በቃ፣ እንደዚያው ቀረ። በሕይወት ሳለ አንድ አመል ነበረበት፤ ብይ ይሰበስባል። ልጆች የሚጫወቱበትን የመስታወት ብይ። ሌላው ሰው በዕረፍት ቀኑ እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ እሱ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄዶ ከዛገ ሚስማርና ከተሰበረ ራዲዮ መሃል ቁጢጥ ብሎ ብይ ሲፈልግ ይውላል። ለይቶ ያወቃቸውን ጨርቅ በለበሱ ጠፍጣፋ መሳቢያዎች ውስጥ ይደረድራቸዋል፤ ገና ያልለያቸውን በትልቅ የብስኩት ጣሳ ያጠራቅማል።

ይህ ነገር ለአባትየው ፈጽሞ አይዋጥላቸውም ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክከው ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አውቶቡስ የሚያህል ነገር የሚነዳ ሰው ብይ ይለቅማል?» ይሉታል።

ልጅየው ይስቃል። «ምን ላድርግ አባባ፣ አውቶቡሱ ኪሴ አልገባ አለኝ!»

ከቀብሩ በኋላ የጠያቂው ቁጥር ቀስ በቀስ ተመናመነና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ለሁለት ሰዎች ብቻ ቀረ፤ ለአዛውንቱና ለምራታቸው። ምራትየዋ የአንድ ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ጠዋት ወጥታ ሥራ ትውላለች፤ ስትመለስ አብረው ይበላሉ። «ጨው በቃው?» «በቅቶታል።» ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ተጣልተው አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው በመሃል ሲወጣ፣ ጨዋታ ከየት እንደሚጀመር ጠፋባቸው እንጂ።

ጣሳው የሚቀመጠው ሶፋው ሥር ነበር። አዛውንቱ በተቀመጡ ቁጥር ተረከዛቸው ይነካውና ብዮቹ ይንኳኳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያን ድምፅ መስማት አልቻሉም። ጣሳውን ብድግ አድርገው ደረጃውን ወረዱና፣ ግቢው ውስጥ አቧራ ለሚያቦኑት የጎረቤት ልጆች «እንኩ፣ ተጫወቱበት» ብለው ሰጡ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። እሳቸውም ትንሽ ቀለል ያላቸው መስሏቸው ተመለሱ።

ምራትየዋ ያወቀችው ሶፋው ሥር ስትጠርግ ነው።

«አባባ፣ እዚህ የነበረው ጣሳ የት ሄደ?»

«የቱ ጣሳ?»

«የብዩ ነዋ።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ብይ አይደል? ለልጅ ነው የተሠራው።»

መጥረጊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «እሱ እኮ ገና እየለያቸው ነበር» አለች። «መጨረሻ ገበያ የሄደ ቀን ያመጣቸውም እዚያው ውስጥ ናቸው። ያቺ ትልቋ ብይም እዚያው ነበረች።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ አዛውንቱም የሚገቡበት ጠፋቸው።

በማግስቱ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ጠብቀው ግቢ ወረዱ። የልጆቹ አለቃ የምድር ቤቱ ተከራይ ልጅ ነበረች፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሌሎቹን በዓይኗ ብቻ የምታሰልፍ ልጅ። አዛውንቱ «ሻለቃ» ይሏታል፤ ስሙ ስለጣማት እሷም አቤት ትላለች።

«ስሚኝማ ሻለቃ። ያ ጣሳ… በስሕተት ነው የሰጠኋችሁ።»

ልጅቷ ወገቧን ይዛ ቀና ብላ አየቻቸው። «እኛ ስጡን ብለን ለምነንዎታል?»

«ኧረ አልለመናችሁኝም።»

«ታዲያ የሰጡትን መልሰው ሊወስዱ ነው? ደግሞ እኮ ተከፋፍለናል፤ ተጫውተንም ተበላልተናል። የእኔ የነበሩት አሁን የእሱ ናቸው፣ የእሱ ደግሞ የእሷ። ከየት ለቅመን እንመልስልዎታለን?»

«እና ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ተጫውተው ይብሉን። በምር ግን ነው የምንጫወተው። በውሸት ጨዋታ የለም።»

እርግጥ ነው፣ ለእናቷ አንድ ቃል ቢናገሩ ጣሳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ይመለስላቸው ነበር። ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። ልጅ ያለቀሰበትን ብይ ይዘው ቤት ቢገቡ ምራታቸውን ቀና ብለው የሚያዩበት ዓይን አይኖራቸውም።

ምራትየዋ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቋት። «ልጄ፣ የማስይዘው ብይ ትሰጪኛለሽ?»

«የሚያስይዙት? ለምኑ?»

ነገሯት። አፏን በእጇ ያዘች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እሷም አላወቀችውም። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እጇን አሳርፋባቸው የማታውቃቸውን መሳቢያዎች አንድ በአንድ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ማጉያ መነጽሩንም አመጣች።

«በግማሽ ጆሮዬም ቢሆን እሰማው ነበር» አለች። «ይኸውልዎ፣ ይህቺ የድመት ዓይን ትባላለች። መሃሏ ላይ ቅጠል የመሰለ ቀለም አላት አይደል? በማሽን የተሠራች ናት፤ እንደ ልብ ትገኛለች። ይቺን ቢበሉብዎ አይቆጨንም። ይቺኛዋን ግን ይንኳት እስቲ።»

አዛውንቱ ሁለተኛዋን ብይ በአውራ ጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሷት። የሴራሚክ ጠርዝ ሲፈትሽ የኖረ ጣት ነው፤ ወዲያው ቆመ። «እዚህ ጋ ሻክራለች።»

«ጠባሳዋ ነው። ድሮ ብርጭቆውን አቅልጠው እንደ ዱላ ይስቡትና እያጠማዘዙ ይቆርጡት ነበር። የተቆረጠበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ጠባሳ ያላት በእጅ የተሠራች ናት፤ አሮጌም የምትሆነው እሷ ናት። እኛ የምንፈልገው እንደዚህ ያሉትን ነው።»

ምራትየዋ «እኛ» ማለቷን አዛውንቱ ልብ አሉ። የድመት ዓይኖቹን ብቻ ዘግነው ኪሳቸው ከተቱ።

ልምምዱ ኮሪደሩ ላይ ነበር። የመጀመሪያዋ ብይ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ መጨረሻ ላይ ወደ ግድግዳው ታጠፈች። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች።

«ይሄን ወለል ያነጠፈው ማን የሚሉት ባለሙያ ነው? ወደ ግራ አዘንብሏል እኮ!» አሉ በብስጭት።

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«እኔ?»

«ቤቱን የገዛን ጊዜ። የማንንም እጅ አላስነካም ብለው።»

አዛውንቱ ወለሉን በጎን፣ ምራታቸውን በጎን አዩ። «ያን ጊዜ መነጽር አልነበረኝም» አሉ። ምራትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ሳቁ ለራሷም አዲስ ሆኖባት ቶሎ አቆመች፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

አዛውንቱ የሥራ ጊዜያቸውን የጉልበት መደገፊያ ጎማ ከዕቃ ማስቀመጫው አውጥተው፣ አስረው ወረዱ። ልጆቹ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ሽማግሌው አፈሩ ላይ በተሰመረው ክብ ዳር ተንበረከኩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አነጣጥረው ሰደዱ። ብይዋ ከክቡ ማዶ አልፋ የቆሻሻ መጣያው ሥር ገባች።

«አባባ ተበሉ!» ግቢው በአንድ አፍ ጮኸ።

ደጋግመው ተበሉ። ኪሳቸውን አራግፈው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሌላ ዘግነው ይወርዳሉ። ጎረቤቶች መስኮት መክፈት ጀመሩ። አንዷ «ልጅ ከሞተባቸው ወዲህ ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል መሰለኝ» ስትል ምራትየዋ ደረጃ ላይ ሰማችና «አልነካቸውም፣ ሥራ ላይ ናቸው» ብላ አለፈች።

ቀስ በቀስ እጃቸው ተመለሰ። መጀመሪያ አንዲት፣ ቀጥሎ ሁለት እያሉ መብላት ጀመሩ። ምራትየዋ ከሥራ እንደገባች በረንዳው ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ሆና የትኛዋ አሮጌ እንደሆነች መለየት አይቻልም፤ ለማየት ብቻ ነው የምትቆመው። አዛውንቱ ሲመጡ የዕለቱን ምርኮ ለብ ባለ ውሃ ያጥቡና፣ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ማጉያ መነጽሩን እየተቀባበሉ ይለዩታል።

«ይቺስ?»

«ጠባሳ የላትም። ማሽን።»

«ይቺስ? ላይዋ ላይ ግማሽ ጨረቃ አለ።»

«እሱ ምት ነው። ከሌላ ብይ ጋር ስትጋጭ የሚወጣ። ሲጫወቱባት ኖረዋል ማለት ነው።»

አንድ የዕረፍት ቀን እኩለ ቀን ላይ ምራትየዋ ከፋርማሲው ያገለገለ የሐሰተኛ ብር መፈተሻ መብራት ተውሳ አመጣች። መጋረጃውን ዘጋግተው ሐምራዊውን መብራት በብዮቹ ላይ ሲያበሩ፣ ከመሃላቸው አንዲት የደበዘዘች ቢጫ ብይ አረንጓዴ ሆና ቦግ አለች።

«ኧረ ጉድ!» አዛውንቱ ወደ ኋላ ሸሹ። «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?»

«ድሮ ለቀለሙ ብለው ብርጭቆው ውስጥ የሚጨምሩት ነገር ነበር ይል ነበር። በዚህ መብራት ብቻ ነው ራሷን የምታጋልጠው።»

አዛውንቱ ብይዋን አነሷት። ከዚያ ጨለማው ደፈር አደረጋቸው መሰለኝ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ልጅ እያለ አንድ ቀን ብይ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ቤቴ ውስጥ አንዲት ብይ አይቼ አላውቅም። ይሄ ፍቅር ከየት መጣበት? እኔን ፈርቶ ነው?»

«አልፈራዎትም» አለች። «ነግሮኛል እኮ። እርስዎ ከሥራ የሚመጡበት ሰዓት ሲደርስ አልጋ ሥር ገብቶ አንድ በአንድ ይለቅማቸው ነበር። ‹አባባ ቀኑን ሙሉ የሰው ወለል ሲያስተካክል ውሎ፣ በራሱ ወለል ላይ ብይ ረግጦ እንዳይወድቅ ብዬ ነበር› ነው ያለኝ።»

አዛውንቱ ብይዋን መልሰው ፎጣው ላይ አስቀመጧት። ምራትየዋም መጋረጃውን ለመክፈት አልቸኮለችም።

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ወሬ አልጠፋም።

ከጣሳው ብዙው ተመለሰ። ያልተመለሰችው ትልቋ ናት። ውስጧ ነጭ የመረብ ሹራብ የመሰለ ጥምዝ፣ በላዩ ቀይና ሰማያዊ ክር የተጠቀለለባት፣ ከላይም ከታችም ጠባሳ ያላት። ባልየው መጨረሻ ገበያ የሄደ ቀን በጭቃ እንደተለወሰች ያመጣት እሷን ነበር። አሁን የሻለቃ መምቻ ሆናለች። ልጅቷ ስለምትወዳት ከእጇ አትለያትም፤ አስይዛትም አታውቅም። አንድ ቀን ግን ሌሎች ብዮቿን በሙሉ ተበላችና፣ እልህ ይዟት፣ ትልቋን ክቡ መሃል ዱብ አደረገቻት።

ምራትየዋ በረንዳው ላይ ነበረች። የብረቱን መከላከያ ጨምድዳ ያዘች።

ተራው የአዛውንቱ ነው። ተንበረከኩ። ርቀቱ ቅርብ ነበር፤ በዚያ ሰሞን እጃቸው ያንን አይስትም። አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ከዚያ እጃቸውን መልሰው አወረዱት።

«ሻለቃ፣ ምን እንዳስያዝሽ ታውቂያለሽ?»

«መምቻዬን ነዋ።»

«አሮጌ ናት። የእኔ አያት ሳይወለድ በፊት ሰው በእጁ አጠማዞ የሠራት ሳትሆን አትቀርም። እንደሷ ያለ እንደ ልብ አይገኝም። ሳታውቂ ብበላሽ ደስ አይለኝም፤ ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ልጅቷ አዛውንቱን አየች፣ ብይዋን አየች። ጎንበስ ብላ አነሳቻትና ኪሷ ከተተቻት። «እንግዲያው አላስይዛትም!»

ምራትየዋ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ምን ነካዎት አባባ! እጅዎ ገብታ ነበር እኮ!»

«ገብታ ነበር።» የጉልበታቸውን ጎማ እየፈቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ገበያ አብረሽው ትሄጂ ነበር፣ እኔ አልሄድኩም። እስቲ ንገሪኝ፤ ሻጩ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ሲቀር ልጄ ምን ያደርግ ነበር?»

ምራትየዋ መልሱን ታውቀዋለች። ባሏ ሻጮቹን ራሱ ነበር የሚያስጠነቅቃቸው። «ይቺ አሮጌ ናት፣ በዋዛ አትስጣት» ብሎ፣ ባዶ እጁን ፈገግ እያለ ቤት የገባበት ቀን ብዙ ነው። እሷም እንደ አሁኑ በሩ ላይ ቆማ «ምን ነካህ!» ትለው ነበር።

ያም ሆኖ ብይዋ ከልቧ አልወጣችም። ሌላ ቀን ልጅቷን ደረጃው ላይ አግኝታ፣ አዳዲስ የሚያብረቀርቁ ብዮች በእፍኟ ይዛ «እንለዋወጥ?» አለቻት።

ሻለቃ ብዮቹንም እሷንም ጠረጠረች። «እትዬ፣ አባባ ባይነግሩኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። አሁንማ አውቄያለሁ።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «አሮጌ መሆኗ ግን በምኑ ነው የሚታወቀው?» አለች።

ምራትየዋ በሽንፈት ተነፈሰች። «ነይ ላሳይሽ።»

ልጅቷ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ በማጉያ መነጽሩ የራሷን ብይ እያገላበጠች ጠባሳዋን ስትፈልግ ቆይታ ስታገኘው እንደ አንበሳ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት መልስ በራቸውን ማንኳኳት ልማዷ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ ለይታ የምትሰጠው ስም ትክክል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተሳስታ ድርቅ ትላለች። ከአዛውንቱ ጋር ሲሟገቱ ምራትየዋ ዳኛ ትሆናለች። ብይዋን ግን አንድም ቀን ረስታ ሄዳ አታውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የልጅቷ አባት ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ አልጋና ቁም ሣጥን ሲጫንበት፣ ምራትየዋ ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማች። ሻለቃ እያለከለከች በሩ ላይ ቆመች። አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

ምራትየዋ፣ ልትሰጠኝ ነው አለች በሆዷ።

«እትዬ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ከዕቃ ጋር ተጋጭታ እንዳትላጥ ፈራሁ» አለች ልጅቷ ትልቋን አውጥታ። «ማስቀመጫ የሚሆን ነገር ይኖርዎታል?»

ምራትየዋ ወደ ውስጥ ገብታ ከፋርማሲ ያመጣችውን ትንሽ ክዳን ያለው የመድኃኒት ዕቃ ፈልጋ፣ ጥጥ ጎዘጎዘችበት። ብይዋን ተቀብላ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናቻት። መረቡ፣ ቀዩ ክር፣ ሰማያዊው ክር። ጥጡ ላይ አስተኝታ ክዳኑን ገጠመች።

«ከሌላ ብይ ጋር አትቀላቅያት፤ ትጫራለች። የፈላ ውሃም እንዳታስነኪያት፣ ልትሰነጠቅ ትችላለች።»

«እሺ።» ልጅቷ ዕቃውን ደረቷ ላይ ይዛ ግን አልሄደችም። «ባለቤትዎ ሲያገኛት ምን አለ?»

ምራትየዋ አሰበች። እውነቱ ትንሽ ነበር። «በጣም ደክሞት ነበር። ‹ነገ አጥባታለሁ› አለና ጣሳው ውስጥ ጨመራት።»

«አጠባት?»

«አላጠባትም። አንቺ ነሽ ያጠብሻት።»

ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ደረጃውን ወረደች። ምራትየዋ በረንዳው ላይ ሆና መኪናው ከግቢ ሲወጣ አየች። ሊቆጫት ጠብቃ ነበር። አልቆጫትም። የከፋት ነገር ቢኖር ከነገ ጀምሮ በሩን የሚያንኳኳ አለመኖሩ ነው።

ታች አዛውንቱ መኪናውን ሸኝተው ግቢው መሃል ብቻቸውን ቆመዋል። የቀሩት ልጆች ከበቧቸው።

«አባባ፣ አይጫወቱም?»

«ምን የምበላው ቀረኝ?» አሉ። «የሚመለሰውን ሁሉ አስመልሻለሁ።»

«እና ምን ይሁን? አሁንስ ዝም ብለን አንጫወትም?»

አዛውንቱ ቀና ብለው ወደ በረንዳው አዩ። ምራትየዋ ከዚያ የለችም። ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች ደረጃውን ስትወርድ ሰሟት፤ ግቢው ውስጥ ብቅ ስትል በእጇ የድመት ዓይኖች ዘግናለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ክቡ ዳር ተንበረከከች።

«አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ» አሏት አዛውንቱ። «እንዲያ አይደለም። ልቀቂው፣ አትጨብጪው።»

ሰደደቻት። ብይዋ ከክቡ ማዶ ዘላ የቆሻሻ መጣያው ሥር ገባች፤ ልጆቹም በአንድ አፍ «እትዬ ተበሉ!» ብለው ጮኹ።